ሚዛን የማያሳየው ስብ

ለበዓል በግ ያረደ ሰው ሞራን ያውቀዋል፤ ሆድ ዕቃው ሲከፈት አንጀቱን እንደ መረብ ሸፍኖ ይታያል። ሰውም ሞራ አለው። ቦርጭ ማለት ከቆዳ ስር በእጅ የሚጨበጠው ብቻ ሳይሆን፣ ከሆድ ጡንቻ ወዲያ በአንጀት ዙሪያ የተከማቸው ስብ ጭምር ነው። የደም ስኳርን ይበልጥ የሚያውከውም ይህ የማይታየው ነው።

የማርሴዩ ሐኪም ዣን ቫግ ከወገብ በላይ የሚወፍሩ ሰዎች ለስኳር በሽታ እንደሚጋለጡ፣ ዳሌና ጭናቸው የሞላ ግን ያን ያህል እንደማይጎዱ የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1947 ነበር። ለረጅም ጊዜ ብዙ ሰሚ አላገኙም።

ከአንጀትና ከሞራ የሚወጣው ደም በቀጥታ ወደ ጉበት ያመራል፤ ቅባቱንም ይዞ። ስብ የበዛበት ጉበት የደም ስኳርን የሚያወርደውን ኢንሱሊን አይሰማም። ሰውዬው ጾሙን ባደረበት ሌሊት እንኳ ከሚገባው በላይ ስኳር ወደ ደም ይለቃል። ቆሽት ኢንሱሊን እየጨመረ ለማካካስ ይታገላል፤ ሲያቅተው ስኳሩ ይወጣል።

እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ በሆነ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ከወፍራም ሴቶች ሆድ ከቆዳ ስር 10 ኪሎ ግራም ያህል ስብ በቱቦ ተመጠጠ። ሴቶቹ ቀለሉ፤ ኢንሱሊን ግን የተሻለ አልሠራላቸውም፤ የውስጡ ስብ አልተነካምና። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ የብሪታንያ ጥናት፣ በክትትል ምግባቸውን አጥብቀው ከቀነሱ የሁለተኛው ዓይነት ስኳር ሕሙማን 46 በመቶው በዓመቱ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ተስተካክሎ ተገኝቷል። 15 ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ ከቀነሱት መካከል ደግሞ 86 በመቶው።

ጉዳዩ የወፍራሞች ብቻ እንዳይመስለን። ወደ እስራኤል የገቡ ወገኖቻችን ኑሯቸውና ምግባቸው ሲለወጥ ስኳር በርትቶባቸዋል፤ ያውም ብዙ ሳይወፍሩ። እጅና እግሩ ቀጭን ሆኖ ሆዱ የገፋ ሰው ሚዛን ላይ ቢወጣ «ደህና ነህ» ሊባል ይችላል። እኛም «ተመችቶሃል» እያልን እናሞግሰዋለን። ይህን ሙገሳ ብንተወው ይሻላል።

የጤና ጣቢያ ኃላፊዎች ሆይ፣ ከሚዛኑ ጎን የልብስ ሰፊ ሜትር አኑሩ። አንባቢም ተንፍሰው፣ ከመጨረሻው የጎን አጥንትና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል ወገብዎን ይለኩ። ከቁመትዎ ግማሽ ከደረሰ ወይም ካለፈ፣ ኪሎዎ ምንም ይሁን ምን፣ ስኳርዎን ይመርመሩ።