የደንበኛ ቀብድ የጓዳ ገንዘብ አይደለም

ጥር እና ከፋሲካ በኋላ ያለው የሠርግ ወቅት ሲቃረብ በየሰፈሩ የመጋዝና የመዶሻ ድምፅ ይበረታል። ሙሽሮች አልጋና ቁም ሳጥን ያዝዛሉ። ሱቅ የሚከራይበት አቅም የሌለው ወጣት አናጢም የአባቱን ወይም የአያቱን ግቢ ጥግ ቆርቆሮ አልብሶ ሥራ ይጀምራል። ቤተሰቡ ቦታውን ሲፈቅድ አብሮ ሊነጋገርበት የሚገባ አንድ ትልቅ ጉዳይ አለ፤ እሱም ቀብድ ነው።

አንድ ተደራራቢ የልጆች አልጋ በ30,000 ብር ለመሥራት ስምምነት ተደርጎ 15,000 ብር ቀብድ ተከፈለ እንበል። ለጣውላ 11,000፣ ለኮላ፣ ለብሎንና ለቫርኒሽ 2,500፣ ለማጓጓዣ 1,500 ብር ቢወጣ ቀብዱ እዚያው አለቀ። የልጁ የድካም ዋጋ ያለው በቀሪው ክፍያ ውስጥ ነው። ነገር ግን ብሩ ቤት እንደገባ ጤፍ ያልቃል፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ይደርሳል፣ ለቅሶ ይመጣል። ከቀብዱ 5,000 ብር ከተነሳ ጉድለቱ የሚሞላው በሚቀጥለው ደንበኛ ቀብድ ነው። ሠርጉ ሲደርስ አልጋው አይደርስም።

ሕጉም በዚህ ላይ ጠንካራ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1885 እንደሚደነግገው፣ ተዋዋዮቹ በሌላ ካልተስማሙ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው ግን እጥፉን ይመልሳል። በምሳሌያችን 15,000 የተቀበለው አናጢ 30,000 ብር ይከፍላል ማለት ነው። እዳው ደግሞ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ቤተሰቡ ላይ ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ለሥራው የተለየ የባንክ ሂሳብ ይከፈት፤ ገቢና ወጪው በደብተር ይጻፍ። ጡረታ የወጡ አያት ካሉ ለዚህ የሚመች ሰው አይገኝም። ልጁ ለቤት የሚያዋጣው ሥራውን አስረክቦ ከሚያገኘው የድካም ዋጋ ላይ ይሁን። ከደንበኛው ጋርም የእንጨቱ ዓይነት፣ ልኩ፣ ቀለሙና የማስረከቢያው ቀን በጽሑፍ ይቀመጥ። ቀኑ ሲቆረጥ ጣውላው ደርቆ እንደሆነ ይታይ፤ እርጥብ ጣውላ ሲደርቅ በወርዱ ስለሚኮማተር መጋጠሚያው በደንበኛው ቤት ይከፈታል።

ግቢው የልጆችም መጫወቻ መሆኑ አይዘንጋ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን ካንሰር አምጪ ከሆኑ ነገሮች መድቦታል። ስለዚህ ሠራተኛው አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፤ ልጆች በመጋዝና በማለስለሻ ሰዓት ይራቁ። ብናኙ በደረቁ ከመጠረግ ይልቅ ውኃ ተርከፍክፎበት ቢነሳ ይሻላል። ቲነር በውኃ ፕላስቲክ ውስጥ ፈጽሞ አይቀመጥ፤ ሕፃን ውኃ መስሎት ይጠጣዋል። የሌሊት መጋዝም ጎረቤት ያስቀይማል።

የቅርብ ዘመድ ነገርም አለ። አጎት ጠረጴዛ፣ አክስት ቡፌ «በነፃ ሥራልን» ሲሉ ልጁ እምቢ ማለት ይከብደዋል። እርስዎ ግን ታላቅ ነዎትና በእሱ ፈንታ ይናገሩለት። የድካሙን ዋጋ ቢተው እንኳ የጣውላው ዋጋ ቀድሞ ይከፈል። የራስዎን አሮጌ አልጋ ሲያሳድሱም ከሁሉ በፊት እርስዎ ከፍለው ያሳዩ።