በግጭት የተጎዳ የኤሌክትሪክ ፒክአፕ፤ ሻንሲው እንዴት ይታያል? እንዴትስ ይጠገናል?



በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ መወሰኑ ከተነገረ ወዲህ፣ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የሚጠይቁን የፕሮጀክት ሠራተኞችና ምእመናን እየበዙ መጥተዋል። ደጋግሞ የሚቀርብልን ጥያቄ ይህ ነው፤ «በአሜሪካ ተጋጭቶ ኢንሹራንስ የጣለውን የኤሌክትሪክ ፒክአፕ በርካሽ ገዝተን፣ አስጠግነን ለፕሮጀክቱ ብናውለውስ?» ሐሳቡ የሚያጓጓ ነው። ሆኖም በዚህ መኪና ላይ ነፍሰ ጡር እናት ለወሊድ ትወሰድበታለች፤ የክትባት ቡድን ከነዕቃው ገደል ለገደል ይሄድበታል። ስለዚህ ከቀለሙና ከወንበሩ በፊት ሻንሲውን ማወቅ ይገባናል።

ለምሳሌ ፎርድ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 ለገበያ ያቀረበውን ኤፍ-150 ላይትኒንግ እንውሰድ። ሻንሲው እንደ ቀድሞዎቹ ፒክአፖች የመሰላል ቅርጽ አለው፤ ይኸውም ሁለት ረዣዥም የብረት ሣጥኖች በግራና በቀኝ ተዘርግተው በአግዳሚ ብረቶች ተያይዘዋል። ልዩነቱ መካከሉ ላይ ነው። ቀድሞ የጭስ መውጫና የነዳጅ ጋን ይቀመጥበት በነበረው ስፍራ አሁን በመቶዎች ኪሎ የሚመዝን ባትሪ ተዘርግቷል። መኪናው ባዶውን ወደ 3 ቶን ይጠጋል። እንግዲህ ሻንሲው ሲመታ ብረቱ ብቻ ሳይሆን በብረቱ መካከል ያለው ባትሪም አብሮ የሚመረመር ነው።

ሻንሲ እንዴት እንደሚጣመም ለመረዳት የጠፍር አልጋ አስቡ። አንዱን ማዕዘን በኃይል ብትገፉት አራቱም እግሮች መሬት እንደቆሙ አልጋው ያጋድላል፤ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ያሉት ሁለት ርዝመቶችም እኩል መሆናቸው ይቀራል። መኪናም ከፊት በአንድ ወገን ሲመታ እንዲሁ ይሆናል። ከዚህ ሌላ ሻንሲው ወደ ጎን ሊታጠፍ፣ መካከሉ ሊረግብ፣ ተጨማዶ ሊያጥር፣ ወይም እንደሚጨመቅ ጨርቅ ሊጠማዘዝ ይችላል። ብዙ ጊዜ ከእነዚህ ሁለትና ሦስቱ በአንድነት ይገኛሉ። ደግሞም የመታው ነገር ፊት ላይ ቢሆን እንኳ ጉልበቱ በብረቱ ውስጥ ተጉዞ ከጋቢናው በስተኋላ ሊወጣ ይችላል፤ በዓይን የሚታየው ፓራውርቲ ብቻ ስለ ተጎዳ ሌላው ደኅና ነው ማለት አይቻልም።

ለመጀመሪያ ምርመራ የግንበኛ ቱምቢና ጠመኔ ይበቃሉ። መኪናው በደልዳላ ወለል ላይ ይቁም። በግራና በቀኝ ካሉት ተመሳሳይ የሻንሲ ቀዳዳዎች ቱምቢውን እያወረዳችሁ ወለሉ ላይ ምልክት አድርጉ፤ ከዚያ መኪናውን ገፍታችሁ አውጡና ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሜትር ለኩ። ሁለቱ ልኮች ካልተስማሙ ሻንሲው አጋድሏል። ይህ ዘዴ ግን መርገብንና መጠማዘዝን አያሳይም። እርሱን የሚያውቀው ከፍታንም ጭምር የሚለካ መሣሪያ ነው፤ የተገኘው ልክ ከፋብሪካው ልክ ጋር ይነጻጸራል፤ የሚፈቀደው ልዩነትም በሚሊሜትር የሚቆጠር ነው።

ከመኪናው ሥር የሚገባ ሰው ግን አስቀድሞ ስለ ኤሌክትሪኩ ይወቅ። በቤታችን ያለው 220 ቮልት ነው፤ በእነዚህ መኪናዎች ውስጥ ወደ 400 ቮልት፣ በአንዳንዶቹም 800 ቮልት ገደማ አለ። ይህን የሚሸከሙት ገመዶች ብርቱካንማ ቀለም አላቸው። ያልሠለጠነ ሰው አይንካቸው። የሠለጠነው ባለሙያ ትንሹን የ12 ቮልት ባትሪ ይፈታል፤ የትልቁን ባትሪ መስመር ይቆርጣል፤ መመሪያው የሚያዘውን ያህል ደቂቃ ይጠብቃል፤ ለ1,000 ቮልት የተሠራ የጎማ ጓንት አድርጎም በመስመሩ ላይ ምንም አለመቅረቱን በመለኪያ ያረጋግጣል። ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላም ባትሪው በውስጡ ያለውን ኃይል እንደያዘ ነው። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሪፖርት ያስጠነቀቀው ስለዚሁ ነው፤ የተጎዳ ባትሪ ከግጭቱ ቆይቶ፣ ጠፋ ከተባለም በኋላ፣ እንደገና ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ የተጋጨ የኤሌክትሪክ መኪና ከቤትና ከሌላ መኪና 15 ሜትር ያህል ርቆ በሜዳ ላይ እንዲቆም ይመከራል። በመጋዘናችን ወይም በጸሎት ቤቱ ግቢ ጥግ አይቀመጥም።

አሁን ወደ ብረቱ እንመለስ። የአገራችን ባትላሜራ ሠራተኞች ሙያቸው የሚደነቅ ነው፤ አሮጌ ላንድሮቨር በጋዝ ነበልባልና በመዶሻ እንደ ገና ሲያቆሙት ስንት ጊዜ አይተናል። ያ ብረት ለስላሳ ስለ ነበረ እሳቱን ይታገሥ ነበር። የዛሬው ሻንሲ ግን አብዛኛው ክፍሉ ከፍተኛ ጥንካሬ ካለው ብረት የተሠራ ነው። ጥንካሬውን ያገኘው በፋብሪካው በተወሰነ ሙቀትና ቅዝቃዜ ስለሆነ፣ ነበልባል ሲነካው ያንን ጥንካሬ ያጣል። መልኩ አይለወጥም፤ ቀለም ከተቀባ ማንም አይለየውም። በሁለተኛው ግጭት ግን ሊታጠፍ በማይገባው ስፍራ ይታጠፋል፤ የጉልበቱ መንገድ ስለ ተለወጠም የአየር ከረጢቱ የሚነፋበት ጊዜ ሊዛባ ይችላል። ከሁሉ የምንፈራው ይህንን ነው።

ሙያተኞች የሚከተሉት ደንብ አጭር ነው፤ የጎበጠ ይቃናል፣ የተጨማደደና የተሰነጠቀ ይለወጣል። ማቃናቱ የሚሠራው በቀዝቃዛ ነው። መኪናው በብረት መድረክ ላይ ይታሰርና በሃይድሮሊክ ኃይል በሰንሰለት ይሳባል፤ በመጨረሻ የተጣመመው በመጀመሪያ ይፈታል። ብረት ወደ ጠማማነቱ የመመለስ ጠባይ ስላለው፣ ጥቂት ስቦ ማቆየት፣ መልቀቅ፣ መለካት፣ እንደገና መሳብ ያስፈልጋል። ትዕግሥት የሌለው ሰው በአንድ ጊዜ ሲስበው ብየዳው ይሰነጠቃል። ቁራጭ የሚለወጥ ከሆነም የሚቆረጥበትና የሚበየድበት ስፍራ ፋብሪካው የወሰነው ብቻ ነው፤ ጋራዡ በደስ አለኝ አይመርጥም። ለዚህ ሥራ ብዙ ጊዜ ባትሪው መውረድ አለበት። ብየዳውም፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው የቀለም ማድረቂያ ምድጃ ሙቀትም ባትሪውን ሊጎዳው ይችላልና።

ወጪውን በተመለከተ፦ እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ሪቪያን የተባለ የኤሌክትሪክ ፒክአፕ ከኋላው በዝግታ ተመትቶ ጥገናው ወደ 42,000 ዶላር እንደ ደረሰ ተዘግቧል። የኋላው ጎን ቆርቆሮ እስከ ጣሪያው ምሰሶ ያለ መገጣጠሚያ አንድ ስለሆነ ለአንድ ጉዳት ብዙ ነገር መፈታት ነበረበት። ኢንሹራንሶች እንዲህ ያለውን መኪና ከማስጠገን ይልቅ ለጨረታ መተዋቸው አያስገርምም። በርካሽ የሚቀርብልንም ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ «ተጠግኗል» የተባለ መኪና ሲቀርብላችሁ ከጥገናው በፊትና በኋላ የተወሰደውን የሻንሲ ልክ በወረቀት ጠይቁ። የተለወጡት ክፍሎች ዝርዝር ይታይ። የባትሪው ሣጥን መሰርጎዱን፣ የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ማፍሰሱን፣ በባትሪውና በመኪናው አካል መካከል ያለው የኤሌክትሪክ መከላከያ መለካቱን ባለሙያ ይመስክር። በመጨረሻ የአራቱ ጎማዎች አቀማመጥ ይለካ፤ ሻንሲው ያልተቃና መኪና ጎማውን በአንድ ወገን እየበላ ራሱን ያጋልጣል። ወረቀቱ ከሌለ አትግዙ፤ ሻጩ ዘመድም ቢሆን። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ የላይትኒንግን ምርት እንደሚያቆም አስታውቋልና፣ የሻንሲ ቁራጭ ቢያስፈልግ ከወዴት፣ በስንት ወር እንደሚመጣ ከክፍያው በፊት መጠየቅን አትርሱ።