ለዓሣ ከብርዱ ይልቅ የውሃው ንጽሕና ይቀድማል

በባሌ ተራሮች የሚገኙት የወብ፣ የዳንካና የሻያ ወንዞች በትራውት ዓሣ ይታወቃሉ። ዓሣው ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ሲሆን፣ ከላባና ከክር በተሠራ ዝንብ መሳይ መንጠቆ ይጠመዳል። የሚመቸው ቀዝቃዛና ንጹህ ውሃ ነው።

አቃቂ የሚገኘው የአባ ሳሙኤል ሐይቅም ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ደጋ ቀመስ ውሃ ነው። ይሁንና በጋው ሞቅ ሲል ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። በባሕር ወለል ከፍታ፣ 10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሆነ ንጹህ ውሃ በሊትር 11 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ በ20 ዲግሪ ወደ 9 ይወርዳል። ከፍታ ሲጨምር ደግሞ መጠኑ ከዚህም ያንሳል።

ዋናው ችግር ግን ሙቀቱ አይደለም። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ከከተማዋ የሚያመጡት ፍሳሽ ወደዚሁ ሐይቅ ይገባል። ፍሳሹ እምቦጭን ያፋፋል፤ አረሙ ሲበሰብስም የቀረውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ለዚህ ነው ዓሣ ንጋት ላይ አፉን ከውሃው በላይ ከፍቶ የሚታየው።

በዚህ ሁኔታ የተገኘ ወይም ሞቶ የተንሳፈፈ ዓሣ ለምግብ መዋል የለበትም። ከፋብሪካ ፍሳሽ የሚመጣ ከባድ ብረት በማብሰል አይጠፋም። አርሶ አደሩ እስከ ዳርቻው ከማረስ ተቆጥቦ ሣርና ዛፍ ቢተው፣ ወደ ውሃው የሚታጠበው ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ይቀንሳል። የወረዳ ባለሙያዎች ደግሞ የኦክስጅን መጠኑን ዝቅ በሚልበት በንጋት ቢለኩ፣ ፍሳሽ የሚለቁትንም ከምንጩ ቢቆጣጠሩ ዓሣው ከማለቁ በፊት መድረስ ይቻላል።