የዛፍ ቅርፊት መድኃኒትነት፦ ተረትና እውነታ

ሻያችንን የምናጣፍጥበት ቀረፋ የዛፍ ቅርፊት ነው። ለብዙ ዘመን ወባን ሲያድን የኖረው ኪኒንም የተገኘው ከዛፍ ቅርፊት ነው። ዛፍ ቅርፊቱን በመራራና በመርዛማ ውሕዶች የሚሞላው ከነፍሳት፣ ከሻጋታና ከእንስሳት ራሱን ለመከላከል ነው። ከእነዚህ ጥቂቶቹ ለሰው ፈውስ ሆነዋል። ስለ እነሱ የሚወራው ሁሉ ግን እውነት አይደለም፤ ስህተቱም ሕይወት ያስከፍላል።

ተረት፦ የቅርፊት ሕክምና ልማድ እንጂ ሳይንስ የለውም።

እውነታ፦ የአንዲስ ተራሮች ዛፍ የሆነው ሲንኮና በ17ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አውሮፓ የገባው ለትኩሳት መድኃኒትነቱ ነው። በ1820 እ.ኤ.አ. ፔልቲዬና ካቫንቱ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ኪኒንን ከቅርፊቱ ለይተው አወጡ። ፓክሊታክሰል የተባለው የካንሰር መድኃኒትም በ1962 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ከተሰበሰበ የፓሲፊክ ዪው ዛፍ ቅርፊት የተገኘ ነው። ለሕክምና የተፈቀደው ግን ከ30 ዓመት ምርምር በኋላ ነው።

ተረት፦ መራራው ቅርፊት ትኩሳቱን ካበረደው በሽታውን ነቅሎታል።

እውነታ፦ ኤድዋርድ ስቶን የተባሉ እንግሊዛዊ ቄስ የአኻያ ዛፍ ቅርፊት ሲቀምሱ ምሬቱ ሲንኮናን አስታወሳቸው። በዳቦ ጋጋሪ ምድጃ ላይ ከሦስት ወር በላይ አድርቀው፣ ፈጭተው፣ ወደ 50 ለሚሆኑ ሕመምተኞች ሰጡ፤ ውጤቱንም በ1763 እ.ኤ.አ. ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ጻፉ። ትኩሳት በእርግጥ በረደ። በአኻያው ቅርፊት ያለው ሳሊሲን የተባለ ውሕድ ሰውነት ውስጥ ወደ ሳሊሲሊክ አሲድ ተለውጦ ትኩሳትና ሕመም ያስታግሳል። ኪኒን ግን የወባን ተሕዋስ ራሱን ይገድላል። ሁለቱም መራራ ናቸው፣ ሁለቱም ትኩሳት ያበርዳሉ፤ ወባን የሚያድነው ግን አንዱ ብቻ ነው። ግንባሩ ስለቀዘቀዘ ብቻ የደም ምርመራ ሳይደረግለት የቀረ ሕመምተኛ ደሙ ውስጥ ወባው መራባቱን ሊቀጥል ይችላል።

ተረት፦ ከተፈጥሮ የተገኘ ነገር ቢበዛም አይጎዳም።

እውነታ፦ ኪኒን ሲበዛ ጆሮ ያስጮኻል፣ ዓይን ያደበዝዛል፣ የልብ ምት ያዛባል። ቀረፋም ቢሆን ዓይነቱ ይለያያል። ወፍራሙና አንድ ጥቅል የሆነው ካሲያ ኩማሪን የተባለ ውሕድ በብዛት አለው፤ በየቀኑ በማንኪያ ለረጅም ጊዜ የወሰደውን ሰው ጉበት ሊጎዳ ይችላል። እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ ተደራርቦ የሚጠቀለለው የሲሎን ቀረፋ ኩማሪኑ እጅግ ትንሽ ነው። ለሻይ የሚገባው ቁራጭ አያሰጋም፤ አደጋው እንደ መድኃኒት ሲታፈስ ነው።

ተረት፦ ዛፉ ከታወቀ መጠኑም ታውቋል።

እውነታ፦ በሲንኮና ቅርፊት ውስጥ ያለው ኪኒን እንደ ዝርያው ከምንም ያህል ተነሥቶ ከመቶ አሥር እጅ በላይ ይደርሳል። ስለዚህ ከቅርፊቱ የተፈላ አንድ ስኒ ውሃ ለአንዱ ሕመምተኛ አይበቃውም፣ ሌላውን ይመርዘዋል። ፋብሪካ ለእያንዳንዱ የመድኃኒት ፍሬ እኩል መጠን ይመዝናል፤ ድስት ይህን አያደርግም።

ተረት፦ ቅርፊቱ ቢላጥ ዛፉ መልሶ ያበቅለዋል።

እውነታ፦ በአገራችን ደጋ ደኖችም ከሚበቅለው ከጥቁር እንጨት ቅርፊት የሚወጣው ጭማቂ በአውሮፓ ለፕሮስቴት ዕጢ ማበጥ ይሸጣል። ቅጠል የሠራው ምግብ ወደ ሥር የሚወርደው በውስጠኛው ቅርፊት ነው። ግንዱ ዙሪያውን ከተላጠ ሥሩ ይራባል፣ ዛፉም አብዛኛውን ጊዜ ይደርቃል። ከካሜሩን እስከ ማዳጋስካር በዚህ ምክንያት ብዙ ጥቁር እንጨት ስለጠፋ የቅርፊቱ ንግድ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው።

አዋቂዎቻችን ያቆዩልን እውቀት ሊከበርም ሊመረመርም ይገባዋል። ቅርፊት የምትወስዱ ከሆነ፣ በተለይ ደም ማቅጠኛ፣ የስኳር ወይም የልብ መድኃኒት ካላችሁ፣ ለሐኪማችሁ ሳትደብቁ ንገሩ። ቅርፊት የምትቆርጡ ደግሞ ግንዱን ዙሪያውን አትላጡ።