ኤዲተሩ ሲነሳ ስክሪኑ የት አለ?

የጽሑፍ ኤዲተር ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ከኪቦርድ ፊደል ይቀበላል፣ ስክሪን ላይ ያሳያል፣ ፋይል ውስጥ ያስቀምጣል። ሲነሳ ግን መጀመሪያ የሚያጣራው የጽሑፉን ነገር ሳይሆን ፊት ለፊቱ ያለውን ዕቃ ዓይነት ነው። ቀለም ያውቃል? ማውስ አለው? ፎንት የሚመርጠው ኤዲተሩ ነው ወይስ ተርሚናሉ? ይህን የሚጠይቀው ኮድ በኤዲተሩ ምንጭ ውስጥ የት ይቀመጥ፣ መቼስ ይጠራ የሚለው ክርክር ለውጭ ሰው ከንቱ ጥንቃቄ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተር ላይ ያየው መከራ ግማሹ ከዚሁ ጥያቄ የመጣ ነው ባይ ነኝ።

ለማሳያ የምወስደው ኢማክስን ነው። ምንጩ ክፍት ስለሆነ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያለ ተማሪም ሆነ ደባርቅ ያለ መምህር ኢንተርኔት እስካገኘ ድረስ አውርዶ ሊያነበው ይችላል። ዕድሜውም ረጅም ነው። ሪቻርድ ስቶልማን ጂኤንዩ ኢማክስን ካወጣበት ከእ.ኤ.አ. 1985 ወዲህ ኤዲተሩ ያልተነሳበት የዕቃ ዓይነት ጥቂት ነው፤ የየዘመኑም ኮድ እየተደራረበ እዚያው ተቀምጧል።

በመጀመሪያው ዘመን ዕቃው ከትልቅ ኮምፒውተር ጋር በሽቦ የተያያዘ ተርሚናል ነበር፤ እያንዳንዱ ፋብሪካም የራሱ ትእዛዝ ነበረው። ኤዲኤም-3ኤ የተባለው ተርሚናል ስክሪኑን ለማጥራት ኮንትሮል-ዜድ ይበቃው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ቪቲ-100 ደግሞ በኢስኬፕ የሚጀምር የምልክቶች ሰንሰለት ይጠብቃል። ኤዲተሩ ይህን ሁሉ በሆዱ ቢይዝ አዲስ ተርሚናል ገበያ ላይ በወጣ ቁጥር እንደገና መጻፍ ነበረበት። ቪአይ የተባለውን ኤዲተር የሠራው ቢል ጆይ ያመጣው መፍትሔ ተርምካፕ ይባላል። የተርሚናሎችን ጠባይ የሚዘረዝር፣ ከኤዲተሩ ውጭ የተቀመጠ ፋይል ነው። ኤዲተሩ የተርሚናሉን ስም ከሲስተሙ ይጠይቃል፣ ፋይሉ ውስጥ ይፈልገዋል፣ ያገኘውን ትእዛዝ ይጠቀማል።

ሁሉም ጠባይ ግን በዝርዝር አይገለጽም። ቀለሞችን ማሰናዳት፣ ልዩ ቁልፎችን መተርጎም፣ የተርሚናሉን ሥሪት ጠይቆ መልስ መጠበቅ ኮድ ይፈልጋል። ለዚህ ኢማክስ «ተርም» የሚባል ፎልደር አለው፤ ለእያንዳንዱ የዕቃ ዓይነት አንድ ፋይል። የተርሚናሉ ስም በሰረዝ የተቀጠለ ቅጥያ ካለውና በሙሉ ስሙ የሚጠራ ፋይል ከሌለ፣ ኢማክስ ከመጨረሻው ሰረዝ ወዲያ ያለውን ቆርጦ በቀረው ስም ይፈልጋል። ግራፊክስ ሲመጣም በዚያው ፎልደር ለኤክስ (ለዩኒክስና ለሊኑክስ የመስኮት ሥርዓት)፣ ለዊንዶውስ፣ ለማክ የየራሳቸው ፋይል ተጨመረ። የፋሲልን ግቢ የዞረ ሰው አሠራሩ አይጠፋውም። ፋሲለደስ የራሱን ግንብ አነጸ፤ ዮሐንስ፣ ኢያሱ፣ ዳዊት፣ በካፋና ምንትዋብ የየራሳቸውን ጨመሩበት እንጂ የቀደመውን አዳራሽ እየሰበሩ አልገቡበትም። የውጪው አጥር አንድ ነው፣ ቤቱ የየራስ።

ኮድን በየቤቱ ማስቀመጥ ግን የጉዳዩ ግማሽ ብቻ ነው። ከባዱ ግማሽ «መቼ» የሚለው ነው።

የኢማክስን አሠራር ልዩ የሚያደርገው አንድ ነገር አለ። ፕሮግራሙ ሲገነባ በሊስፕ ቋንቋ የተጻፈውን መሠረታዊ ኮድ አንድ ጊዜ ይጭንና በሜሞሪ ያለውን ሁኔታ እንዳለ ወደ ፋይል ይገለብጠዋል። ተጠቃሚው ሲያስነሳው ሥራው የሚቀጥለው ከዚያ ግልባጭ ነው፤ በየጊዜው ሁሉንም ከመጀመሪያ ቢጭን ኖሮ ዘገምተኛ ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው በ27ኛው ዕትም የመገልበጫው ዘዴ በአዲስ ተተካ፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው። እንግዲህ የአንድ ዕቃ ፋይል በግንባታው ጊዜ ከሚጫኑት መካከል ከገባ፣ ፋይሉ ውስጥ እንዲሁ ሜዳ ላይ የተጻፈ ትእዛዝ ሁሉ የሚፈጸመው በተጠቃሚው ማሽን ሳይሆን በገንቢው ማሽን ላይ ነው። «ስክሪኑ ስንት ቀለም አለው?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያገኘው የገንቢውን መልስ ነው። ሊኑክስ አከፋፋዮች ፓኬጆቻቸውን የሚገነቡት ጭራሽ ስክሪን በሌላቸው ሰርቨሮች ላይ ነው፤ መልሱም «ስክሪን የለም» ይሆንና ተገልብጦ ጎንደር ድረስ ይመጣል። ስለዚህ ዕቃውን የሚጠይቀው ትእዛዝ ሁሉ ፈንክሽን ውስጥ ገብቶ፣ ፕሮግራሙ በእርግጥ ሲነሳ እስኪጠራ መጠበቅ አለበት። በምንጩ ላይ የሚታየው ለውጥ ጥቂት መስመሮችን ወደ ቀኝ ገፍቶ በቅንፍ ማቀፍ ብቻ ሊሆን ይችላል። ትርጉሙ ግን ጥያቄው የሚጠየቅበትን ማሽን መለወጥ ነው።

ፕሮግራሙ ሲነሳ መጠየቅም ቢሆን በኋላ አልበቃም። ለረጅም ጊዜ አንድ የኢማክስ ሂደት ወይ በግራፊክስ ወይ በጽሑፍ ተርሚናል ነበር የሚሠራው፤ ሁለቱንም በአንዴ አይችልም። የመስኮቱን ዓይነት የሚይዘውም ለሂደቱ ሁሉ አንድ ተለዋዋጭ ነበር። ሀንጋሪያዊው ካሮይ ሎሬንቴይ የሠራውና እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2009 ከወጣው ከ23ኛው ዕትም ጋር የመጣው ለውጥ ይህን አፈረሰ። አንድ ሂደት በአንድ ጊዜ ብዙ ተርሚናሎችን መክፈት ቻለ። ያ ተለዋዋጭም ለየፍሬሙ፣ ማለትም ለሚከፈተው ለእያንዳንዱ መስኮት ወይም የተርሚናል ስክሪን፣ የራሱን መልስ መስጠት ጀመረ። ቀድሞ ለሁሉም የጋራ በሆነ ሠንጠረዥ ውስጥ ይጻፍ የነበረው የቁልፎች ትርጉም ወደ ራሱ ወደ ተርሚናሉ ሠንጠረዥ ተዛወረ፤ አለዚያ የአንዱ ተርሚናል ኤፍ-ቁልፍ የሌላውን ያበላሽ ነበር። የማስነሻው ፋይልም እያንዳንዱ የዕቃ ፋይል ራሱን የሚያስመዘግብበት ሆነ። የዚህ ጥቅሙ እ.ኤ.አ. የካቲት 2025 በወጣው በ30ኛው ዕትም ታየ። ኢማክስ አንድሮይድ ስልክ ላይ ሲገባ ተርም ፎልደር ውስጥ አንድ ፋይል ተጨመረ እንጂ የማስነሻው ፋይል ለእሱ ተብሎ እንደገና አልተጻፈም።

አሁን ወደ ፊደላችን። በዶስ ዘመን የቪጂኤ ካርድ በጽሑፍ ሁነታ ላይ በአንድ ጊዜ የሚይዘው 256 ምልክት ነበር፤ ከቀለሙ ቢት አንዱን ሰውቶ ቢበዛ 512። በተለመደው 256 ውስጥ ላቲኑ ቦታውን ከያዘ በኋላ የአማርኛን ሆሄያት ከነዲቃሎቹ በቀረው ማስተናገድ አይቻልም። ስለዚህ የግዕዝ ጽሑፍ ፕሮግራም ሠሪ ወይ የካርዱን ፎንት መቀየር፣ ወይ ወደ ግራፊክስ ሁነታ ገብቶ እያንዳንዱን ፊደል ራሱ መሣል ነበረበት። የዳሸንን ተራራ ስም የተሸከመውን ዳሸን ኢንጂነሪንግ የመሠረቱት ፍስሐ አጥላውና ሌሎች ቀደምቶች የሠሩት በእንዲህ ያለ ጥበት ውስጥ ነው። ዊንዶውስ ሲመጣ ካርዱን መንካት ቀረ፤ ፊደሉ ግን አሁንም ከፎንቱ ጋር ታስሮ ቀረ። ፎንት ሠሪዎች ሆሄያቱን በላቲን ቁጥሮች ላይ ሰፈሯቸው፤ አንዳንዶቹም ለሁለትና ለሦስት ፎንት አከፋፈሏቸው። ፋይሉ ውስጥ ያለው ቁጥር «ሀ» ማለት የሚሆነው ያ ፎንት እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ስለ ስክሪን የሚያውቀው ኮድና ስለ ፊደል የሚያውቀው ኮድ ተጣብቀው ስለነበር አንዱ ሲያረጅ ሌላውን ይዞት ይሄዳል። በየመሥሪያ ቤቱ ዛሬ ተከፍተው የማይነበቡ የአማርኛ ፋይሎች የዚህ ውጤት ናቸው፤ ጥፋቱን በፎንት ሠሪዎቹ ላይ ብቻ መጫን ግን ግፍ ይመስለኛል፤ ያኔ ሌላ ማስቀመጫ አልነበረም።

ኢማክስ ጋር ግዕዝ የገባው በሌላ በር ነው። ጃፓን ውስጥ በኤሌክትሮቴክኒካል ላቦራቶሪ እነ ኬንኢቺ ሃንዳ ሚዩል የተባለውን የብዙ ቋንቋ ኢማክስ ሲሠሩ፣ ናኦቶ ታካሃሺ የግዕዙን ክፍል ጻፈ። መተየቢያው የተመሠረተው ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ባዘጋጁት ሴራ በተባለው፣ ግዕዝን በላቲን ፊደላት በሚወክል ሥርዓት ላይ ነው። ሚዩል እ.ኤ.አ. በ1997 ከ20ኛው ዕትም ጋር ወደ ዋናው ኢማክስ ተቀላቀለ፤ ዩኒኮድ ግዕዝን በ3.0 ዕትሙ ካስገባበት ከ1999 ሁለት ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። ለእኔ ትልቁ ነገር ፋይሎቹ የተቀመጡበት ቦታ ነው፤ ቋንቋዎች በተሰበሰቡበት ፎልደር እንጂ ተርም ውስጥ አይደለም። ፊደሉ የቋንቋ ጉዳይ ሆነ፣ ስክሪኑ የዕቃ። ግዕዝ በማያሳይ ተርሚናል ላይ ያለ ሰው እንኳ ጽሑፉን ወደ ሴራ ለውጦ ሊያነበውና ሊልከው፣ ወዲያኛው ደግሞ ወደ ፊደል ሊመልሰው ይችል ነበር። በዚህም ምክንያት 23ኛው ዕትም የውስጥ አወካከሉን ወደ ዩኒኮድ ሲያዞር የስክሪኖቹን ፋይሎች ስለ ግዕዝ ብሎ መንካት አላስፈለገም።

ይኸው የ«መቼ» ጥያቄ በተጠቃሚው የግል ማስነሻ ፋይል ውስጥም ይነሳል። አንድ ሰው ቢሮው ባለው ሊኑክስ ማሽን ላይ ኢማክስን በዲመን መልክ፣ ማለትም ያለ ስክሪን ከበስተጀርባ እንዲቆይ አድርጎ ያስነሳል እንበል። ጠዋት ከቢሮው በግራፊክስ መስኮት ይከፍተዋል፤ ማታ ከአዘዞ ቤቱ ሆኖ፣ ከሩቅ ማሽን ጋር በጽሑፍ ተርሚናል በሚያገናኘው በኤስኤስኤች፣ ወደዚያው ሂደት ይገባል። የማስነሻ ፋይሉ ላይ «ግራፊክስ ካለ ለግዕዝ አቢሲኒካ የተባለውን ፎንት ተጠቀም» ብሎ ጽፏል። ፋይሉ የሚነበበው ግን ዲመኑ ሲነሳ ነው፤ ያን ጊዜ ምንም ስክሪን ስለሌለ መልሱ «የለም» ይሆንና መስመሩ ይታለፋል። ጠዋት መስኮቱ ሲከፈት ሲስተሙ በራሱ የመረጠው ሌላ የግዕዝ ፎንት ይመጣል፤ ሰውየውም ፎንቱ የተበላሸ መስሎት ደጋግሞ ኢንስቶል ያደርጋል። መድኃኒቱ ያንን መስመር ፍሬም በተከፈተ ቁጥር ወደሚጠራ ቦታ ማዛወር ነው፤ ከ27ኛው ዕትም ጀምሮ ለዲመን ተጠቃሚ የተዘጋጀ ማያያዣ አለ።

ቅደም ተከተሉ ራሱ የታሰበበት ነው። የግራፊክስ መስኮት ከተጠቃሚው ፋይል በፊት ይሰናዳል፤ የጽሑፍ ተርሚናሉ ልዩ ፋይል ግን ከተጠቃሚው ፋይል በኋላ ነው የሚጫነው። ተጠቃሚው የተርሚናሉ ፋይል ጭራሽ እንዳይጫን ከፈለገ ቀድሞ እንዲከለክል ተብሎ ነው። አንድ ፕሮግራመር ኮዱን ለማሳመር ብሎ ሁለቱን በአንድ ቦታ ቢያደርጋቸው ይህ የመከልከል መብት ማንም ሳያየው ይጠፋል።

ማዛወር የማይፈታውም አለ። የሊኑክስ ጥቁር ኮንሶል ዛሬም በአንድ ጊዜ ከ512 ቅርጽ በላይ አይጭንም፤ በዩኒኮድ ያሉት የግዕዝ ምልክቶች ደግሞ የጉራጌና የሌሎች ቋንቋዎች ጭማሪ ተደምሮ 523 ደርሰዋል። ከዚያ የባሰው የስፋት ጉዳይ ነው። ዩኒኮድ የቻይናን ፊደላት «ሰፊ» ብሎ ሲመዘግብ ግዕዝን ያለ ልዩ ምልክት ስለተወው፣ ተርሚናሎች ለአንድ የግዕዝ ፊደል የሚሰጡት የአንድ ላቲን ፊደል ቦታ ነው። ጨ፣ ጠ፣ ሟ እዚያ ውስጥ አይበቁም፤ ወይ ጠርዛቸው ይቆረጣል፣ ወይ ተጨምቀው ይሣላሉ። ኤዲተሩ በራሱ በኩል ሁለት ቦታ ቢቆጥርላቸው ተርሚናሉ አንድ እየቆጠረ ጠቋሚው ከፊደሉ ይርቃል። ይህ የስፋት ቁጥር በተርም ፎልደርም በቋንቋዎቹም ውስጥ የለም፤ ያለው በተርሚናሉ ፕሮግራምና በሲስተሙ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ጥገናውን የሚልክ ሰው መላክ ያለበት ወደዚያ ነው።