ዙህር ሁለት ነው አራት? የአንድ ቀን እረፍት በሐዋሳ



ፈተና ሲያልቅ እኛ የዲላ ተማሪዎች ቶሎ የምናስበው ከተማ ሐዋሳ ነው። በጠዋት ከመናኸሪያ ተሳፍረን በአፖስቶ በኩል ካለፍን ረፋዱን ሐይቁ ዳር ነን። ባለፈው ሴሚስተር ማብቂያ ላይ ስድስት ሆነን ሄደን ነበር። ቀኑ ደስ ይል ነበር፤ አንድ ነገር ግን አበላሸን። ዙህር ሲገባ ገሚሶቻችን “መንገደኛ ነን፣ ሁለት ረከዓ ነው” አልን፤ ገሚሶቻችን “አራት ነው” አልን። ስንከራከር ቆይተን ዐስር ሊገባ ትንሽ ሲቀረው ተጣድፈን ሰገድን። ሶላት የሚያጣድፍ እረፍት ምኑን እረፍት ሆነ? ከተመለስን በኋላ ኡስታዞችን ጠይቀን የተረዳነውን እነሆ።

ክርክሩን ያመጣው ርቀቱ ነው። ከዲላ ሐዋሳ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ ሶላት የሚያሳጥረው ጉዞ ሁለት መርሐላ፣ ማለትም 16 ፈርሰኽ ነው። ይህ ወደ ኪሎ ሜትር ሲቀየር አንዱ ስሌት 81፣ ሌላው 89 አካባቢ ያደርሰዋል። በዚያ ላይ ርቀቱ የሚቆጠረው ከከተማው ከወጣንበት እንጂ ከዶርም በር አይደለም። አዲስ አበባ ብንሄድ ጥያቄ አይኖርም ነበር፤ ሐዋሳ ግን ልክ ድንበሩ ላይ ናት።

ሦስት ነገሮች ግን ግልጽ ናቸው፦

1. የሚያጥሩት ባለ አራት ረከዓዎቹ ዙህር፣ ዐስርና ዒሻእ ብቻ ናቸው። መግሪብና ሱብሒ እንዳሉ ይሰገዳሉ።

2. በሻፊዒይ መዝሀብ ማሳጠር ፈቃድ እንጂ ግዴታ አይደለም። ርቀቱ መሙላቱን የተጠራጠረ ሙሉ ይሰግዳል። ቢሞላም እንኳ ጉዞው ሦስት መርሐላ ካልደረሰ ሙሉ መስገዱ ይመረጣል። በሐነፊይ መዝሀብ ግን ለመንገደኛ ማሳጠር ዋጂብ ስለሆነ፣ ሐነፊይ የሆናችሁ ከመነሳታችሁ በፊት ኡስታዛችሁን ጠይቁ።

3. መንገደኛ ነዋሪ ኢማምን ተከትሎ ከሰገደ ሙሉ ይሰግዳል። በዚህ ሁለቱም መዝሀቦች ይስማማሉ። መስጂድ ገብተን ከጀመዓው ጋር ብንሰግድ ኖሮ ክርክሩ እዚያው ያበቃ ነበር።

ስለዚህ ቀኑን በሶላት ዙሪያ እናቅድ። ጠዋት አሞራ ገደል ሄደን ዓሣ አጥማጆቹንና አባ ኮዳዎቹን እንይ። ምሳም እዚያው ይገኛል፤ ሥጋ ቤት ስንፈልግ “የማን እርድ ነው?” ብለን እንጨነቃለን፣ ዓሣ ግን እርድ አያስፈልገውም። ቆሮሶ ጥብስና የዓሣ ሾርባ ለተማሪ ኪስም አይከብድም። የተጠበሰበት ዘይት ሥጋ ያልገባበት መሆኑን ብቻ እንጠይቅ። ጥሬውን ለሚበሉት እንተውላቸው፤ ለጤናም አይመከርም።

ዙህር የሚገባው 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ከዚያ በፊት ባጃጅ ይዘን “መስጂድ አድርሰን” እንበል። ከሰገድን በኋላ ፍቅር ሐይቅ ዳር በእግራችን እንንሸራሸር። ጥቁር ውሃ ወንዝ ወደ ሐይቁ ይገባል፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። እንዲያም ሆኖ ውሃው እንደ ሻላ ጨዋማ አልሆነም። ተቀምጦ ለሚያስተነትን ይህ ብቻውን ይበቃል፤ ሱብሓነላህ!

9 ሰዓት ተኩል ገደማ ዐስርን በጀመዓ ሰግደን፣ ሳይመሽ ወደ መናኸሪያ። በሚቀጥለው እረፍት የምትሄዱ ሁሉ፣ “ሁለት ነው አራት?” የሚለውን ዲላ ላይ ጨርሳችሁ ተነሱ። መልካም እረፍት፣ ወሰላሙ ዐለይኩም።