ስክሪኑ ላይ ያለው ሞገድ በስንት ነጥብ ተሠራ?

ኤሌክትሮኒክስ ጥገና ለሚማሩ ወጣቶች ኦሲሎስኮፕ ሳስተምር ከሁሉ አስቀድሜ የማስጨብጣቸው፣ ዲጂታሉ መሣሪያ የሚያሳየን ከሞገዱ እየለካ የወሰዳቸውን ነጥቦች መሆኑን ነው። በድሮው አናሎግ ኦሲሎስኮፕ ቮልቴጁ የኤሌክትሮን ጨረሩን ወደ ላይና ወደ ታች እየገፋ ስክሪኑ ላይ በቀጥታ ይጽፍ ነበር። ዛሬ መሀል ላይ አንድ ቺፕ አለ፤ በየተወሰነ ቅጽበት ቮልቴጁን ለክቶ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። ቺፑ ባለ 8 ቢት ከሆነ፣ የብዙ ጥገና ቤቶች መሣሪያ እንዲህ ነው፣ ቮልቴጁን የሚመድብበት ደረጃ 256 ብቻ ነው። ቁጥሮቹ ሜሞሪ ውስጥ ይደረደራሉ፤ ከዚያ መሣሪያው ነጥቦቹን በመስመር ያገናኛል። መስመሩ ግምት ነው።

ሻጮች «በሴኮንድ 1 ቢሊዮን ናሙና ይወስዳል» ይላሉ። ይህ ግን ጣሪያው ነው። ሜሞሪው ውሱን ስለሆነ ረዘም ያለ ጊዜ ማየት ስንፈልግ ናሙናው ይሳሳል። 10,000 ነጥብ የሚይዝ ኦሲሎስኮፕ እንውሰድ። በስክሪኑ አንድ ካሬ 10 ሚሊሴኮንድ ስናደርገው አሥሩ ካሬ 100 ሚሊሴኮንድ ይሸፍናል፤ ስለዚህ የሚወስደው በሴኮንድ 100,000 ናሙና ብቻ ይሆናል።

አሁን የአንድ ቴሌቪዥን ፓወር ሰፕላይ እንለካ፤ በመውጫው በኩል ብቻ። የፕሮቡ ጥቁር መቆንጠጫ ከመሬት ሽቦ ጋር የተያያዘ ስለሆነ በመብራቱ በኩል ማስነካት አደገኛ ነው፤ ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ። ውስጥ ያለው ትራንዚስተር በሴኮንድ 99,900 ጊዜ ይበራል ይጠፋል እንበል። ከእያንዳንዱ ዑደት አንድ ናሙና ያህል ይነሣል፤ እያንዳንዱም ከቀዳሚው ቦታ ትንሽ ፈቀቅ ይላል። ነጥቦቹ ሲገናኙ ስክሪኑ ላይ ጥርት ያለ የ100 ሄርዝ ሞገድ ይወጣል። እንዲህ ያለ ሞገድ ግን መውጫው ላይ የለም!

100 ሄርዝ ደግሞ ለጥገና ባለሙያ ትልቅ ትርጉም አለው። የአገራችን መብራት 50 ሄርዝ ስለሆነ በዳዮዶች ከተቃና በኋላ የሚቀረው መወዛወዝ 100 ሄርዝ ነው፤ ይህ ሲበዛ ማጣሪያው ካፓሲተር ደክሟል ብለን እንጠረጥራለን። በሐሰተኛው ሞገድ የተመራ ባለሙያ ጤነኛ ካፓሲተር ይነቅላል፣ ደንበኛው ይከፍላል፣ ብልሽቱ እዚያው ይቀራል።

ሕጉ የታወቀ ነው። ክላውድ ሻነን በ1949 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ እንዳረጋገጠው፣ ናሙናው በሲግናሉ ውስጥ ካለው ከፍተኛ ድግግሞሽ ከሁለት እጥፍ በላይ መሆን አለበት። እኔ ግን ከአምስት እጥፍ በታች አላምንም።

እውነተኛውን ከሐሰተኛው መለየት ቀላል ነው። የጊዜውን ቁልፍ ወደ 1 ሚሊሴኮንድ አዙሩት። እውነተኛው 100 ሄርዝ ይለጠጣል እንጂ 100 ሄርዝነቱን አይለቅም። ሐሰተኛው ይጠፋና በምትኩ ጥቅጥቅ ያለው የ99,900 ሄርዝ ሞገድ ይወጣል። ትሪገሩንም፣ ማለትም ሞገዱ ስክሪኑ ላይ መሣል የሚጀምርበትን ቅጽበት የሚወስነውን፣ ከመብራቱ ጋር ብታያይዙት ከመብራቱ የመጣው ሞገድ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ኦሲሎስኮፕ ልትገዙ ስትሄዱ ከሜጋሄርዙ ጋር የሜሞሪውን ልክ ጠይቁ። ካፓሲተር ከመንቀላችሁ በፊትም ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን የናሙና ፍጥነት አንብቡ።